ከሜዳ ወደ ሜዳ ዳር፦ የመንግሥቱ ወርቁ ሁለት ሙያዎች

(አምቦ ላይ ለስፖርት ሳይንስ ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ የተጻፈ)

ርእሴ አንድ ሰው ነው፤ መንግሥቱ ወርቁ። ከእናንተ መካከል ስሙን ያልሰማ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ሆኖም ብዙዎቻችን የምናውቀው የሰውየውን ግማሽ ብቻ ነው፤ ግብ አግቢውን። ዛሬ ይበልጥ የምፈልገው ሌላውን ግማሽ፣ አሰልጣኙን ነው።

ይህን ርእስ ለምን ለአምቦ እንደመረጥኩት አስቀድሜ ልናገር። ከዚህ የምትመረቁ ተማሪዎች ነገ ጉደር፣ ጊንጪ፣ ጌዶ ወይም ሆለታ ሄዳችሁ የወጣቶች ቡድን ትረከቡ ይሆናል። እዚያ ሜዳ ዳር ድንጋይ ላይ የተቀመጠ አንድ የቀድሞ ተጫዋች አይጠፋም። ጉልበቱ አርጅቷል፤ ዓይኑ ግን አላረጀም። ልምምዳችሁን ጥቂት ተመልክቶ "ለመሆኑ አንተ የት ተጫውተሃል?" ይላችኋል። እናንተም በልባችሁ "እርስዎስ የት ተምረዋል?" ማለታችሁ አይቀርም። ሁለቱም ጥያቄዎች ያቆስላሉ፤ ሁለቱም ግን ተገቢ ናቸው። በአገራችን እግር ኳስ የተጫወተውና የተማረው ጎራ ለይተው ሲናናቁ ብዙ ዘመን አልፏል። ዋጋውን የሚከፍለው መሐል ላይ የቆመው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው።

ስለ አነጋገሬም አንድ ነገር ላስቀድም። ዓመታቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እጠራለሁ። ስለ ተጫዋቹ ስናገር "እሱ"፣ ስለ አሰልጣኙ ስናገር "እርሳቸው" እላለሁ። ይህ የቋንቋችን ልማድ ነው፤ ግብ ያገባልንን ልጅ እንደ ወንድማችን በስሙ እንጠራዋለን፤ ያው ልጅ አድጎ አሰልጣኝ ሲሆን አንቱ እንለዋለን። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ቋንቋው ከእኛ ቀድሞ ያወቀ ይመስለኛል።

እንግዲህ ከተጫዋቹ እንነሣ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው፤ ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ቀን። አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ይካሄዳል። ተጋጣሚያችን ግብፅ ነበረች፤ በዚያ ዘመን ስሟ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ይባል ነበር። ከዚያ በፊት የተካሄዱትን ሁለቱንም ዋንጫዎች የወሰደች አገር ናት። በመጀመሪያው ውድድር፣ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ፣ እኛንው በፍጻሜ 4 ለ 0 አሸንፋ ነው ዋንጫውን ያነሣችው። ስለዚህ የጥር 13ቱ ጨዋታ አሮጌ ቁስል ነበረበት።

ባደዊ በ35ኛው ደቂቃ አገባብን። እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ ስንመራ ቆይተን ግርማ ተክሌ አቻ አደረገን፤ ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ ባደዊ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደገመ። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። ጭማሪ ሰዓት ውስጥ፣ በ101ኛው ደቂቃ፣ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ አስቀደመን። በ117ኛው ደቂቃ ደግሞ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን አግብቶ ነገሩን ዘጋው። ዋንጫውን ሉቺያኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። መንግሥቱ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 ስናሸንፍ ሁለት ግብ አስቆጥሮ ስለነበር፣ ከባደዊ ጋር በእኩል ሦስት ግብ የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጅ ነበር። በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች በጠቅላላ ያስቆጠራቸው ግቦች 10 ደርሰዋል፤ ዛሬም ድረስ ከኢትዮጵያውያን የሚበልጠው የለም።

ለ117ኛው ደቂቃ ግብ ሳይንሳዊ ማብራሪያ መስጠት የናንተ ሙያ ነው፤ እኔ ግን አንድ ፍንጭ ልስጥ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። የካይሮ ሰው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ባላለ ቦታ ኖሮ ወደዚህ ይመጣል። 90 ደቂቃ እኩል የተፋለሙ ሁለት ቡድኖች ጭማሪ ሰዓት ሲገቡ ሳንባቸው እኩል አይሆንም። ግብፆች በመጨረሻው ሠላሳ ደቂቃ ሁለት ግብ ሲገባባቸው አንድም አልመለሱም። ይህን የምለው የተጫዋቾቻችንን ብቃት ለማሳነስ አይደለም፤ ነገሩ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው። ሜዳውና አየሩ የእኛ በሆነበት ቀን የተሠራን ሥራ፣ አየሩ የሌላ በሆነበት አገር መድገም ሌላ ችሎታ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና ግብ አግቢ ምን እንደሚያውቅ እንጠይቅ። ኳስ ከክንፍ ስትመጣ አጥቂው የት እንደምታርፍ አስቀድሞ ያያል፤ ተከላካዩ ክብደቱን በየትኛው እግሩ ላይ እንደጣለ ያያል፤ በረኛው አንድ እርምጃ መውጣቱን ያያል። ይህን ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አይቶ ይመታል። "እንዴት አደረግኸው?" ብትሉት ግን "አገኘኋት፣ መታኋት" ይላችኋል። አልዋሸም። ሰውነቱ ያውቃል፤ አንደበቱ አያውቅም። እናቶቻችንን ተመልከቱ። "ምጣዱ መጋሉን በምን አወቅሽ?" ብትሏት "ሲግል ነዋ!" ትላለች። ልጇ የምትማረው ከመልሱ አይደለም፤ አጠገቧ ቆማ፣ ብዙ እንጀራ አሳርራ፣ በዓመታት ነው። አሰልጣኝ ግን እንዲህ ያለ ጊዜ የለውም። ሃያ ተጫዋች ፊቱ ተደርድሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲገባው ማድረግ አለበት። ስለዚህ ከተጫዋችነት ወደ አሰልጣኝነት የሚሻገር ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ፈተና የራሱን እውቀት ከሰውነቱ አውጥቶ ቃል ማድረግ ነው። ሁለተኛው ፈተና ከዚህ ይብሳል፤ ራሱ ሠርቶት የማያውቀውን ሥራ፣ ለምሳሌ ተከላካይ ማደራጀትን፣ ለሌሎች ማስተማር አለበት።

አሰልጣኝ መንግሥቱ ወርቁ ለዚህ መንገድ አርአያ አላጡም። ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ለረጅም ዘመን ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል፤ የ1954ቱን ብሔራዊ ቡድን ካሰለጠኑት አንዱ ናቸው፤ በመጨረሻም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ሆኖም የይድነቃቸው መንገድ ከሜዳ ወደ ጽሕፈት ቤት የሚያመራ ነበር። የአሰልጣኝ መንግሥቱ መንገድ ሜዳ ዳር ላይ የሚቆም ነው። ሜዳ ዳር የቆመ ሰው ደግሞ በየሳምንቱ ይፈረድበታል።

አሁን ወደ 1974 ዓ.ም. እንሂድ፤ ወደ ሊቢያ። አሰልጣኝ መንግሥቱ ብሔራዊ ቡድናችንን ይዘው ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሄዱ። ምድባችን አልጄሪያ፣ ናይጄሪያና ዛምቢያ ያሉበት ነበር። ናይጄሪያ ከሁለት ዓመት በፊት በሜዳዋ ዋንጫውን የወሰደች አገር ናት። በመጀመሪያው ጨዋታ ናይጄሪያ 3 ለ 0 አሸነፈችን። በሁለተኛው ዛምቢያ 1 ለ 0 አሸነፈችን። በሦስተኛው ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ተለያየን። ተመለስን።

ይህን ውጤት ብዙ ሰው "ተሸንፈው መጡ" ብሎ ያልፈዋል፤ ልክም ነው። እኔ ግን መዝገቡን በዝግታ እንድታነቡት እጠይቃለሁ። የገባብንን ብቻ ተመልከቱ፤ 3፣ 1፣ 0። ይህ በአጋጣሚ ብቻ አይመጣም። በቀናት ውስጥ አንድ ሰው ተጫዋቾቹን ሰብስቦ ቦታቸውን አስተካክሏል፤ ክፍተት ዘግቷል፤ ምናልባትም ደጋግሞ ተቆጥቷል። አልጄሪያ ደግሞ ተራ ቡድን አልነበረችም። ከሦስት ወር ያህል በኋላ፣ በሰኔ 1974 ዓ.ም.፣ ስፔን ውስጥ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋ ዓለምን ያስደነቀች አገር ናት። እርግጥ የሦስተኛው ጨዋታ ውጤት ለእኛ የሚያስገኘው አልነበረም፤ ወድቀን ነበር፤ አልጄሪያም አልፋ ነበር። ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ አድሏዊ እሆናለሁ። ቢሆንም የወደቀ ቡድን በመጨረሻው ጨዋታ እጁን ሲሰጥና ግብ ሲጎርፍበት ስንት ጊዜ አይተናል?

ያገባነውን ስትመለከቱ ደግሞ ሌላ ነገር ታያላችሁ፤ 0፣ 0፣ 0። በዚሁ ውድድር 10 ግብ ያስቆጠረ ሰው ያሰለጠነው ቡድን አንድም ግብ ሳያገባ ተመለሰ። በእኔ አስተያየት ይህ ዛሬ ለምንወያይበት ጉዳይ ከሁሉም የላቀ ማስረጃ ነው። ሰውየው ከማንም በላይ የሚያውቀው ነገር ግብ ማግባት ነበር፤ ያ እውቀት ግን ወደ ሌሎች እግር አልተሻገረም። ተጫውቶ ያላሳለፈው መከላከል ግን በሦስት ጨዋታ ውስጥ ተሻሻለ፤ ምክንያቱም መከላከልን በሰውነቱ ሳይሆን በአእምሮው ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ ሊናገረው ይችላል። ተሰጥኦ አይወረስም፤ አደረጃጀት ይወረሳል። የተፈጥሮ አጥቂ እንዳይፈልግ ለአንድ አሰልጣኝ መንገር ሞኝነት ነው፤ ነገር ግን የተፈጥሮ አጥቂ ካላገኘ ሊያስተምር የሚችለው ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ከሦስት ጨዋታ ተነሥቶ እንዲህ ያለ ድምዳሜ መስጠት ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ከመምህራኑ ወገን እንደሚነሣ አውቃለሁ። አይቻልም። ማስረጃው ጥቂት ነው፤ ጥቂት የሆነበት ምክንያት ራሱ ግን የጉዳዩ ዋና ነጥብ ነው። ኢትዮጵያ ከ1974 ዓ.ም. በኋላ እንደገና በአፍሪካ ዋንጫ ላይ የታየችው በጥር 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ነው፤ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ጊዜ። 31 ዓመት! በመካከሉ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ አሸንፈናል፤ ትልቁ በር ግን ዝግ ነበር። አንድ ተጫዋች በዓመት ሠላሳና አርባ ጨዋታ እያደረገ ይበስላል። በትልቅ መድረክ ሦስት ጨዋታ ብቻ ያገኘ አሰልጣኝ በምን ይበስላል?

ለዚህ ንጽጽር የሚሆነኝ ሰው ግብፃዊው ማሕሙድ አል ጎሃሪ ነው። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ በተካሄደው ሁለተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ስታሸንፍ ሦስቱን ያገባው እሱ ነው፤ በዚያው ሦስት ግብ የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያንኑ ማዕረግ በዚያው ሦስት ግብ የተጋራው የእኛ መንግሥቱ ነው። ሁለቱም አጥቂዎች፣ ሁለቱም የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። የአል ጎሃሪን የተጫዋችነት ዘመን ጉዳት አሳጠረው፤ እሳቸውም ወደ አሰልጣኝነት ዞሩ። አሰልጣኝ መንግሥቱ ከሊቢያ ከተመለሱ ወራት በኋላ፣ በ1975 ዓ.ም.፣ አል ጎሃሪ አል አህሊን ይዘው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦችን ዋንጫ ወሰዱ። በ1982 ዓ.ም. ግብፅን ለዓለም ዋንጫ አበቁ፤ ጣሊያን ላይ ከኔዘርላንድስና ከአየርላንድ ጋር አቻ ወጥተው በእንግሊዝ ተሸንፈው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በአንድ የወዳጅነት ጨዋታ በግሪክ በሰፊ ውጤት ተሸነፉና ሥራቸውን አጡ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አስተውሉ። አል ጎሃሪ እንደገና ተጠሩ። በየካቲት 1990 ዓ.ም. ቡርኪና ፋሶ ላይ ደቡብ አፍሪካን በፍጻሜ 2 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫውን ወደ ካይሮ መለሱ። በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም የአፍሪካን ዋንጫ ያሸነፉ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ። ከተጫዋቹ ድል እስከ አሰልጣኙ ድል 39 ዓመት ሄዷል። በመካከሉ ክለብ አለ፣ ውድቀት አለ፣ መባረር አለ፣ ከመባረር በኋላ መጠራት አለ። ሁለተኛው ሰው ናይጄሪያዊው እስቲፈን ኬሺ ናቸው፤ በ1986 ዓ.ም. በአምበልነት፣ በ2005 ዓ.ም. በአሰልጣኝነት። ኬሺ በዚያ ሁለተኛ ጉዟቸው በምድቡ እኛን 2 ለ 0 አሸንፈዋል።

እንግዲህ አል ጎሃሪን ከመንግሥቱ የለያቸው ምንድን ነው? ተሰጥኦ ነው ለማለት አልደፍርም። ግብፅ ሰውን ከወደቀ በኋላ መልሳ የምትጠራበት ልማድ ነበራት፤ ከዚያም በላይ ሰፊ የክለብ ሕይወት ነበራት። ብሔራዊ ቡድን የአሰልጣኝ ትምህርት ቤት አይደለም፤ የፈተና አዳራሽ ነው። ትምህርት ቤቱ ክለብ ነው፤ የወጣቶች ቡድን ነው፤ ጊንጪና ጉደር ያለው ሜዳ ነው። እኛ ግን ስመ ጥሩን ተጫዋች ቀጥታ ወደ ፈተናው አዳራሽ እናስገባና ሲወድቅ "ተጫዋችነት ሌላ፣ አሰልጣኝነት ሌላ" እንላለን። አባባሉ እውነት ነው፤ የምንናገረው ግን ሁልጊዜ ከውድቀቱ በኋላ ነው።

ወደ ተማሩት ወገንም ልዙር፤ ፍርዱ በአንድ በኩል ብቻ እንዳይሆን። ታላቅ ተጫዋች ሳይሆኑ ታላቅ አሰልጣኝ መሆን ይቻላል። ጣሊያናዊው አሪጎ ሳኪ በከፍተኛ ደረጃ ተጫውተው አያውቁም፤ ኤሲ ሚላንን ይዘው ግን በ1981 እና በ1982 ዓ.ም. በተከታታይ የአውሮፓ ክለቦችን ዋንጫ ወስደዋል። በሌላ በኩል ብራዚላዊው ዛጋሎ፣ ጀርመናዊው ቤከንባወርና ፈረንሳዊው ዴሾም የዓለም ዋንጫን በሁለቱም መንገድ አሸንፈዋል። ስለዚህ ሕግ የለም። በእኛው አገር አትሌቲክስም ቢሆን እሸቱ ቱራ በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በ3,000 ሜትር መሰናክል የነሐስ ሜዳሊያ ካገኙ በኋላ የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሆነው ሠርተዋል። አትሌቲክሳችን ይህን ድልድይ ከእግር ኳሳችን በተሻለ የሠራው ይመስለኛል፤ ምክንያቱ በከፊል የሩጫ እውቀት በሰዓትና በርቀት ሊለካ፣ ሊጻፍና ሊነገር መቻሉ ነው።

ይህ ወደ ምዕራብ ሸዋ ይመልሰኛል። ይህ ዞን ለዓለም ያቀረበው ታላቅ የስፖርት ሰው የጀልዱው ፈይሳ ሌሊሳ ነው። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ ማራቶንን በ2:09:54 ጨርሶ ብር አገኘ፤ እጆቹን አጣምሮ ከፍ አድርጎ መስመሩን ያለፈበትን ምስል ዓለም አይረሳውም። እኔ ዛሬ ስለ ምስሉ አይደለም የምጠይቀው። ከጀልዱ ደጋ ተነሥቶ በ2005 ዓ.ም. መግቢያ ቺካጎ ላይ 2:04:52 የሮጠ ሰው ስለ ፍጥነት፣ ስለ ዳገት፣ ስለ ብርድና ስለ ትዕግሥት ሰውነቱ የሚያውቀውን ማን ይጽፈዋል? የጎጆ ወይም የጊንጪ ልጅ ያንን እውቀት ከየት ያገኘዋል?

ለዚህ ነው ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎችን አንድ ነገር የምለምነው። ብዙዎቻችሁ መጠይቅ አባዝታችሁ "በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ" እያስባላችሁ ትመለሳላችሁ። ያንን ለአንድ ወር ተዉትና አምቦ ውስጥ፣ ጉደር ውስጥ፣ አዲስ ዓለም ውስጥ ያሉ የቀድሞ ተጫዋቾችን ፈልጉ። "የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩኝ" አትበሏቸው፤ ስለ ዋንጫና ስለ ጭብጨባ ነግረዋችሁ ይጨርሳሉ። ኳስ ይዛችሁ ሂዱ። ሜዳ ላይ አቁሟቸውና "በረኛው ከዚህ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያዩት ምንድን ነው?" በሏቸው። "ተከላካዩ ከኋላ ሲይዝዎ በየትኛው ትከሻ ነበር የሚዞሩት?" በሏቸው። መጀመሪያ "እንዲሁ ነው" ይሏችኋል። አትሂዱ። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቁ እግራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ያኔ ጻፉ። የምትጽፉበት ቋንቋ አማርኛ ይሁን አፋን ኦሮሞ ግድ የለም፤ ልምምዱን የሚሠራው ልጅ የሚሰማው ቋንቋ ይሁን።

በምላሹ እናንተም የምትሰጡት አለ። ስለ ልብ ምት፣ ስለ እረፍት ቀን፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጉልበት ስለሚሸከመው ክብደት አስተምሯቸው። ብዙ የቀድሞ ተጫዋች ልጆችን የሚያሰለጥነው እሱ በተሰቃየበት መንገድ ነው፤ ሌላ መንገድ ያሳየው የለም።

መንግሥቱ ወርቁ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. አረፉ። ቡድናችን ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለስ ለማየት ሁለት ዓመት ያህል ቀርቷቸው ነበር። የ117ኛው ደቂቃ ግብ በየዓመቱ ይወሳል፤ የአልጄሪያውን 0 ለ 0 የሚያነሣ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ ባየኋቸው ደስ ይለኛል። የተሰጠኝ ሰዓት እያለቀ ነው፤ የቀድሞ ተጫዋቾችም አዳራሹ ውስጥ እንዳሉ ተነግሮኛልና፣ ፈቃዳችሁ ከሆነ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከእነርሱ እንስማ።